የብረት ሠራተኛና የእናቶቻችን ወፍጮ

የሰው ልጅ ድካሙን የሚያቀልበትን ነገር ሳይፈልግ የቀረበት ዘመን የለም። አንዱ በሬ ጠምዶ፣ ሌላው አህያ ጭኖ፣ ሌላውም የወንዝን ውሃ በመንኰራኵር ላይ አፍስሶ ከገዛ ክንዱ ላይ ሸክሙን ሲያወርድ ኖሯል። በዛሬው ዘመን ግን ይህ ምኞት እጅግ ርቆ ሔዶ፣ ክንድ ያለው፣ የታዘዘውን የሚያስታውስ፣ ሌሊትና ቀን የማይለይ የብረት ሠራተኛ በዓለም ላይ ተነሥቷል። ስሙም ሮቦት ይባላል። ስለዚህ ነገር በቤተ ሰብ ገጻችን ጥቂት ልንጽፍ የወደድነው የውጭ አገርን ፋብሪካ ለማድነቅ ብቻ አይደለም፤ ጉዳዩ ወደ ቤታችን፣ ወደ እናቶቻችንና ወደ ልጆቻችን የሚደርስ ስለ ሆነ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሌላ ጉዳይ ወደ መርሐ ቤቴ ሔደን ነበር። ከሙከ ጡሪ በለሚ በኩል ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ቆላውን ተሻግሮ ዓለም ከተማ እስኪወጣ ድረስ ልቡ እንደማያርፍ ያውቃል። በማግሥቱ ጧት በአንድ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ስናልፍ፣ እህላቸውን በየከረጢቱ አስቀምጠው ተራቸውን የሚጠብቁ ብዙ እናቶች አየን። ከነዚያም መካከል አንዲት በዕድሜ የገፉ ባልቴት ከልጅ ልጃቸው ጋራ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበርና እጅ ነሥተን «እማማ፥ ብዙ ቈዩን?» ብለን ጠየቅናቸው። እሳቸውም «ልጆቼ፥ መቈየቱስ ምንም አይደል፤ ተቀምጦ መቈየት ነው እንጂ ተንበርክኮ መቈየት አይደለም» ብለው መለሱልን።

ይህ ንግግራቸው የገባን በኋላ ነው። በልጅነታቸው ዘመን ዶሮ ሲጮኽ ተነሥተው በወፍጮው ድንጋይ ፊት ተንበርክከው፣ መጁን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ልጅ ሲወልዱም ልጁን በጀርባቸው አዝለው፣ ለቤተ ሰብ የሚበቃውን ዱቄት ጎሕ ሳይቀድ ይፈጩ እንደ ነበረ አጫወቱን። «ጉልበታችንን ማን ቈጥሮት! ባል የበሬውን ድካም ያውቃል፤ የሚስቱን ግን ዱቄቱን እንጂ ድካሙን አያይም» አሉን። እኛም በተራችን በውጭ አገር ስለ ተነሣው የብረት ሠራተኛ ብናጫውታቸው በብዙ ትዕግሥት ከሰሙን በኋላ ጥያቄ ጀመሩ። «ይበላልን?» አሉን። «አይበላም፤ ኤሌክትሪክ ብቻ ይበቃዋል» አልን። «ይተኛልን?» «አይተኛም።» «ደመወዝስ?» «ደመወዝ የለውም።» ባልቴቲቱ ጥቂት ዝም ብለው አሰቡና «እንግዲያስ የሱን ደመወዝ ማን ይበላዋል?» አሉ።

ክቡራን አንባቢዎቻችን! በዓለም ላይ ያሉ የኤኮኖሚ ሊቃውንት ዛሬ በብዙ መጽሐፍ የሚከራከሩበት ነገር ከዚህች ከአንዲት ጥያቄ የሚያልፍ አይደለም። መልሱንም ለመፈለግ አስቀድሞ የነገሩን አመጣጥ ማወቅ ይገባል። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሮቦት የሚለው ቃል የወጣው ከቼክ አገር ቋንቋ ነው። ካሬል ቻፔክ የተባለው ደራሲ በ1921 በፕራግ ከተማ በታየው ቴአትሩ፣ ለሰው እንዲያገለግሉ ተሠርተው ኋላ በጌቶቻቸው ላይ ስለ ተነሡ ፍጡራን ተናገረ። ስሙንም ያወጣለት ወንድሙ ዮሴፍ ነው። ቃሉ የተገኘበት «ሮቦታ» የሚለው ቃል ባላገር ለባለ ርስቱ ያለ ዋጋ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ማለት ነው። የአገራችን አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ትርጓሜ አያስፈልገውም፤ እኛም ሁዳድ ስንል የኖርነው የዚህኑ ዓይነት ሥራ ነውና። እንግዲህ ሮቦት ማለት ከስሙ ጀምሮ ያለ ደመወዝ የሚሠራ የሁዳድ ሠራተኛ ማለት ነው።

በቴአትር የታሰበው ነገር በፋብሪካ የታየው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ጆርጅ ዴቮል የተባለው አሜሪካዊ ባሰበው ጥበብ፣ ጆሴፍ ኤንግልበርገር የተባለውም መሐንዲስ ወደ ንግድ ባወጣው ሥራ፣ ዩኒሜት የተባለው የመጀመሪያው የፋብሪካ ሮቦት በ1961 በኒው ጀርሲ በጄኔራል ሞተርስ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ገባ። ሥራውም ከማቅለጫ የወጣውን የጋለ ብረት እያነሣ ማስቀመጥ ነበር። ይህ ሥራ ሰውን የሚያቃጥልና በጢሱ የሚጎዳ ስለ ነበረ፣ ሮቦት አስቀድሞ የገባው ሰው ሊሠራው በማይወደው ቦታ እንደ ሆነ ልብ ማለት ይገባል። ቀጥሎም በ1973 ኩካ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በአውግስቡርግ ከተማ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚንቀሳቀሱ 6 መገጣጠሚያዎች ያሉት ክንድ ሠራ። አውግስቡርግ የምትገኘው በባቫርያ ክፍል ነው። በዚያው በባቫርያ፣ ከሙኒክ ከተማ አጠገብ፣ ፋተርሽቴተን የምትባል ከተማ አለች፤ እርስዋም ከ1994 ጀምሮ የዓለም ከተማ የወዳጅነት እኅት ናት። እንዲህ ከሆነ የባልቴቲቱ አገርና የብረት ሠራተኛው አገር እኛ እንደምናስበው ያን ያህል የማይተዋወቁ አይደሉም።

ዛሬ የሮቦቶች ቍጥር ምን ያህል እንደ ደረሰ ለመናገር፣ ዓለም አቀፍ የሮቦት ፌዴሬሽን በየዓመቱ የሚያወጣውን መዝገብ እንመልከት። በ2024 በዓለም ፋብሪካዎች ውስጥ 542,000 ያህል አዳዲስ ሮቦቶች ተተከሉ። ይህም ከ10 ዓመት በፊት ከነበረው በእጥፍ የሚበልጥ ነው። በሥራ ላይ ያሉት በጠቅላላው 4,664,000 ያህል ሆነዋል። ከአዲሶቹ ውስጥ 295,000 ያህሉ፣ ማለት ከመቶው 54 እጅ፣ የተተከሉት በቻይና ነው። ቻይናን የሚከተሉት ጃፓን፣ አሜሪካ፣ ደቡብ ኮሪያና ጀርመን ሲሆኑ፣ እነዚህ አምስቱ አገሮች አንድ ላይ ከመቶው 80 የሚያህለውን እጅ ወሰዱ። በ2023 በተደረገው ቈጠራ ደግሞ በደቡብ ኮሪያ ለ10,000 የፋብሪካ ሠራተኛ 1,012 ሮቦት፣ በጀርመን 429፣ በዓለም መካከለኛ ግምት 162 ተገኝቷል። በኮሪያ ፋብሪካ 10 ሠራተኛ በቆመበት ሁሉ አንድ የብረት ባልደረባ አብሮ ቆሟል ማለት ነው።

ከፋብሪካ ውጭ የሚያገለግሉም አሉ። በ2023 ለልዩ ልዩ ሙያ አገልግሎት ከ205,000 የሚበልጡ ሮቦቶች ተሸጡ፤ ከነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት ዕቃ የሚያመላልሱ ናቸው። አማዞን የተባለው የአሜሪካ የንግድ ኩባንያ በ2025 በመጋዘኖቹ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ሮቦት እንዳሠማራ አስታውቋል። ሌሎቹ በሆቴል ምግብ ያቀርባሉ፤ በሆስፒታል የሐኪሙን እጅ ተከትለው ሰውነትን በጥቃቅን መሣሪያ ይቀዳሉ፤ በኔዘርላንድ አገር ከ1992 ጀምሮ ላም ያልባሉ። ለቤት የሚሆኑትም ወለል የሚጠርጉና ሣር የሚያጭዱ ናቸው። ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሕፃን አቅፎ የሚያባብል፣ እንጀራ ጋግሮ፣ ወጡን ቀምሶ፣ እንግዳውን ተቀብሎ የሚያስተናግድ ሮቦት በቤተ ሰብ ዘንድ አልገባም። ለእናት ቀላል መስሎ የሚታየው ሥራ ለብረት እጅግ ከባድ ነው፤ ብረት አንዱን ሥራ ሺሕ ጊዜ ሳይሳሳት ይደግማል፤ እናት ግን በአንድ ጧት ውስጥ መቶ ዓይነት ሥራ ትሠራለችና።

አሁን ወደ ገንዘቡ ሒሳብ እንግባ። ለምሳሌ ያህል አንድ ሮቦት ከነመያዣው፣ ከነአጥሩና ከነመትከያው 100,000 ዶላር ወጣበት እንበል። ይህ ሮቦት በቀንና በሌሊት ተራ የሚሠሩትን 2 ሰዎች ይተካ። አንድ ሠራተኛ በዓመት 50,000 ዶላር በሚያስወጣበት አገር፣ ባለ ፋብሪካው ያወጣውን ገንዘብ በ1 ዓመት ይመልሳል፤ ጥገናውና ኤሌክትሪኩ ቢታሰብ እንኳ ነገሩ አያስቈጨውም። በ2019 በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የታተመ ጥናት ግን በሐዋሳ የኢንዱስትሪ መንደር የአንዲት ጀማሪ የስፌት ሠራተኛ የወር ደመወዝ 26 ዶላር እንደ ነበረ ጽፏል። በዚህ ሒሳብ 2 ሠራተኞች በዓመት የሚያስወጡት 624 ዶላር ነው። እንግዲህ ያ ሮቦት በሐዋሳ ቢተከል ዋጋውን ለመመለስ 160 ዓመት ይፈጅበታል። የሮቦት የሥራ ዕድሜ ግን 12 ዓመት ያህል ሆኖ ይገመታል። ስለዚህ የብረት ሠራተኛ ወደኛ አገር ፋብሪካ በብዛት ያልመጣው ጥበቡ ስለ ጠፋ ብቻ አይደለም፤ የሰው ጉልበት ርካሽ ስለ ሆነ ነው።

ይህን የሰማ ሰው «እንኳን ርካሽ ሆንን! ሥራችንን የሚቀማን የለም» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈጸምም። ቻይና ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት በርካሽ ጉልበትዋ የታወቀች አገር ነበረች፤ ዛሬ ግን በየዓመቱ ከሚተከለው ሮቦት ግማሹን የምትወስድ እርስዋ ናት። በ2016ም ያንኑ የአውግስቡርጉን ኩካን የገዛው የቻይና ኩባንያ ነው። በርካሽ ጉልበት የጀመረ ሕዝብ በርካሽ ጉልበት እንዲቀር የሚያስገድደው ሕግ የለም፤ በዚያ የቀረ እንደ ሆነ ግን ሮቦት ከሠራው ዕቃ ጋራ በገበያ ሲወዳደር የሚቀነሰው ዘወትር የራሱ ደመወዝ ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ የብረት ሠራተኛ ሁሉን ያሸንፋል ማለትም ስሕተት ነው። አዲዳስ የተባለው የጫማ ኩባንያ በዚያው በባቫርያ በአንስባህ ከተማ፣ ኋላም በአሜሪካ በአትላንታ፣ ጫማን በሮቦት የሚሠራ ፋብሪካ አቁሞ፣ ከእስያ የሚመጣውን ጫማ በአውሮፓና በአሜሪካ ልሠራ ነው ብሎ ነበር። ነገር ግን በ2019 ሁለቱን ፋብሪካዎች እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በ2020ም ሥራቸው ቆመ። በጠቅላላውም ጨርቅ ለሮቦት አስቸጋሪ ነው፤ ብረት በተቀመጠበት ይቆያል፣ ጨርቅ ግን ሲይዙት ይጨማደዳል፣ ሲጎትቱት ይለጠጣል። የመንዝ ሴት የበግ ጠጕር ፈትላ፣ ሸማኔውም ባና ሲሠራ ጣታቸው የሚያውቀውን ነገር፣ ብዙ መሐንዲሶች ለብረት ጣት ለማስተማር እስከ ዛሬ ይደክማሉ።

አሁን ባልቴቲቱ ወደ ጠየቁት እንመለስ፤ የሮቦትን ደመወዝ ማን ይበላዋል? ዳሮን አሴሞግሉና ፓስኳል ሬስትሬፖ የተባሉ ሊቃውንት በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ከ1990 እስከ 2007 የሆነውን መርምረው፣ በ1,000 ሠራተኛ ላይ 1 ሮቦት ሲጨመር የሠራተኛው ደመወዝ ከመቶው 0.42 እጅ እንደ ቀነሰ፣ ከሕዝቡም መካከል ሥራ ያለው ሰው ድርሻ በ0.2 ነጥብ ዝቅ እንዳለ አስታወቁ። በጀርመን የተደረገው ምርመራ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በዚያ በፋብሪካ የጎደለው ሥራ በሌላ የአገልግሎት ሥራ ተተክቷል፤ ከነባሮቹም ሠራተኞች ብዙዎቹ በዚያው በመሥሪያ ቤታቸው ወደ ሌላ ሥራ ተዛወሩ እንጂ አልተባረሩም። እንግዲህ የሮቦት ደመወዝ የሚበላበት መንገድ አንድ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ባለ ፋብሪካው ብቻውን ይበላዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ዕቃው ረክሶ ገዢው ይካፈለዋል፤ አንዳንድ ጊዜም መኪናውን የሚያሠራውና የሚጠግነው ባለ ሙያ ይወስደዋል። ይህን የሚለየው ብረቱ አይደለም፤ የአገሩ ሥርዐትና የሕዝቡ ትምህርት ነው።

በአገራችንም ይህን ትምህርት የጀመሩ ወጣቶች አሉ። በ2013 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አይኮግ ላብስ የተባለው ድርጅት፣ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ለሠራት ሶፍያ ለተባለችው ባለ ሰው መልክ ሮቦት፣ አሳብን ከሚያቀነባብረው ሥራ አንዳንዱን ክፍል ሠርቷል። ሶፍያም በ2018 ወደ አዲስ አበባ መጥታ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋራ ተገናኝታለች። በጕዞዋ ላይ ግን ከአካልዋ ክፍል የያዘው ሻንጣ በፍራንክፈርት የአውሮፕላን ጣቢያ ጠፍቶ ነበርና፣ ለጋዜጠኞች ልትታይ የተያዘው ቀጠሮ ቀረ። የብረት ሰው ብትሆንም እንደ ማንኛውም መንገደኛ ሻንጣዋ መጥፋቱ ብዙ ሰው አስቆ ነበር። እኛ ግን ከዚህ የምንወስደው ሌላ ነገር ነው፤ አካልዋ በሩቅ አገር ሲሠራ የአእምሮዋ ክፍል በአዲስ አበባ ልጆች እጅ መሠራቱ፣ ይህ ሙያ ትልቅ ፋብሪካ ላላቸው አገሮች ብቻ የተሰጠ እንዳይደለ ያስረዳል።

ወደ ወፍጮ ቤቱ እንመለስና ያየነውን እንፈጽም። ከባልቴቲቱ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ የ12ኛ ክፍል ትምህርትዋን ጨርሳለች። ስለ ወደ ፊት ኑሮዋም ቤተ ሰቡ በሦስት አሳብ ተከፍሎ ነበር። አጎትዋ ወደ ዓረብ አገር ሔዳ በሰው ቤት እንድታገለግል፣ አክስትዋ ወደ ደብረ ብርሃን ወጥታ በስፌት ፋብሪካ እንድትቀጠር ይመክራሉ። እርስዋ ግን የኤሌክትሪክና የሞተር ጥገና ልማር ትላለች። «ለሴት ልጅ ይህ ምን ይሠራል?» የሚሉ ዘመዶች እንዳሉ አያትዋ አልደበቁንም። ልጅቱን ምክንያትዋን ብንጠይቃት ዓይንዋን ወደ መሬት አድርጋ እንዲህ አለችን፤ «ባለፈው ክረምት የዚህ ወፍጮ ሞተር ተቃጠለ። የሚጠግነው ሰው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ሆነ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አያቴ ወደ ድንጋዩ ተመለሰች።»

ባልቴቲቱም ጉልበታቸውን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው ዝም አሉ።

ክቡራን አንባቢዎቻችን! በዚህች ልጅ ቃል ውስጥ ስለ ሮቦት የተጻፈው ትልቁ ነገር ሁሉ ይገኛል ብንል ማጋነን አይሆንም። የሞተር ወፍጮ ወደ ባላገሩ ዘግይቶ የመጣበት አንደኛው ምክንያት፣ የእናቶች ድካም በሒሳብ መዝገብ ላይ ሳንቲም ሆኖ ስላልተጻፈ ነው። ዋጋ ያልተቈረጠለት ጉልበት ርካሽ ይባላል፤ ርካሽ ስለ ሆነም የሚያሳርፈው መኪና አይገዛለትም፤ መኪና ስላልተገዛለትም ከድካሙ ወጥቶ ሌላ ሙያ ለመማር ጊዜ አያገኝም። ሐዋሳ ላይ 160 ዓመት የወጣው ሒሳብና በዓለም ከተማ ዶሮ ሲጮኽ የተጀመረው ፍጭት የአንድ ሥር ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው። ወፍጮው ከመጣ በኋላ ደግሞ የሚጠግነው ሰው በአገሩ ከሌለ፣ ያተረፍነው ዕረፍት በአንድ ሞተር መቃጠል ይጠፋል። ሮቦትም እንዲሁ ነው፤ ገዝቶ ማስገባት ለባለ ገንዘብ ሁሉ ይቻላል፤ የደመወዙ ተካፋይ የሚሆነው ግን የሚጠግነው፣ የሚያዘውና የሚያሻሽለው ነው።

ስለዚህ የቤተ ሰብ አባትና እናት የሆነ ሁሉ በልጁ ፊት ሦስት ነገር እንዲያስብ እንለምናለን። መጀመሪያ፣ በቤቱ ውስጥ ያለ ዋጋ የሚሠራውን ሥራ፣ በተለይም የሚስቱንና የሴት ልጆቹን ድካም፣ እንደ ገንዘብ ቈጥሮ ይየው፤ ያልቈጠሩትን ነገር ማዳን አይቻልምና። ሁለተኛ፣ ልጁን በጉልበቱ ርካሽነት ብቻ ተማምኖ ወደ ሥራ አይስደደው፤ ዛሬ በርካሽነቱ የተፈለገ እጅ ነገ ከእርሱ የረከሰ በተገኘ ቀን ይረሳል። ሦስተኛ፣ የሒሳብና የተፈጥሮ ጥበብ ትምህርት ከመፍቻና ከብሎን ጋራ አብሮ ይሒድ፤ ወንድ ሴት ሳይባል መኪና ከፍቶ የሚያይ ልጅ ቢገኝ «አበላሸህ» ተብሎ ከመገሠጽ በፊት ምን እንዳየ ይጠየቅ። በሥልጣን ላይ ያሉትም ለየወረዳው መኪና በሚያድሉበት ጊዜ ጠጋኙንም አብረው ቢያስቡ፣ የሰጡት ስጦታ ከአንድ ክረምት የሚያልፍ ይሆናል።

ከዓለም ከተማ ስንመለስ የቤተ ሰቡ ምክር ገና አላለቀም ነበር። ተራቸው ደርሶ እህላቸው ከወፍጮው አፍ ሲገባ ግን ባልቴቲቱ ወደኛ ዘወር ብለው፣ በሞተሩ ጩኸት መካከል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «የብረቱን ሠራተኛ ደመወዝ እንግዲህ ይቺ ልጅ ትብላው!» አሉን። እኛም አሜን ብለን መንገዳችንን ቀጠልን።